ከቆሼ ስር ያለውም ውሃ ይታይልን

የቆሻሻ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ መግባቱን ሳይቆፈር በኤሌክትሪክ መለየት ይቻላል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እውነት ነው፣ ሲሰራ አይቻለሁ። የብረት ካስማዎች በመስመር መሬት ላይ ይመታሉ። በሁለቱ ኤሌክትሪክ ይላካል፣ በሌሎቹ ሁለት ቮልቴጅ ይለካል። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ካስማው ስር ጨው ያለው ውሃ ያፈሳሉ፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በደንብ አይገባም። ከቆሻሻ የሚወጣው ፍሳሽም ጨው ስለሚበዛበት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል። የሚጋለጠውም በዚሁ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሸክላማ አፈርም ልክ እንደ ፍሳሹ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ሞልቷል። ስለዚህ ከልኬቱ የሚሠራው ካርታ "እዚህ ጋ ቆፍራችሁ እዩ" ይላል እንጂ ተበክሏል ብሎ አይፈርድም። የውሃ ናሙና የግድ ነው።

የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን አስቡት። ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ተደፍቶበታል። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ ሁላችንም ያየነው ከላይ ያለውን ክምር ነው። ወደ ታች የሚሰርገውንስ ማን አየው? በአካባቢው የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች ካሉ፣ ቢያንስ ክረምት በወጣ ቁጥር ውሃቸው ይመርመርላቸው።