ድንቅነሽን ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ

ሙዚየሞች ቅርስ ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ ይሂዱ የሚለውን ጽሑፋችሁን መቶ በመቶ እደግፋለሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ቢያንስ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ድንቅነሽን ማየት ይችላል። የአፋር ልጅስ? አጽሟ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው እኮ እሱ አገር ነው! ለጎብኚ የሚታየውም ቅጂ ስለሆነ፣ ሌላ ቅጂ አሠርቶ በመኪና መላክ ያን ያህል አይከብድም። የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ በሁለት እግር ቆማ መሄዷን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ይሄ ነው፤ ልጆቻችን ግን ይህን ለፈተና ብቻ ይሸመድዱታል። ቅጂውን በእጁ ይዞ የራሱን ጉልበት የዳሰሰ ልጅ መቼም አይረሳውም። ቁመቷንም፣ ከ1 ሜትር ትንሽ ያለፈውን፣ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ያስምሩላቸውና አጠገቡ ቆመው ይለኩ። ብቻ እባካችሁ፣ ስትመጡ መስታወት ውስጥ ቆልፋችሁ «አትንኩ» እንዳትሏቸው።