የድሬዳዋ በርሚልና የቴክሳስ መስኮት

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ድሬዳዋ በገባሁ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ልወርድ ስል ቁርጭምጭሚቴ የእኔ አልሆን አለኝ። ጉልበቴ፣ የእጄ አንጓ፣ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ሁሉ በአንድ ሌሊት የዛገ ማጠፊያ ሆነው አደሩ። ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሽማግሌ ጎብጬ ወደ ግቢው ስወጣ እህቴ ልብስ ማጠቧን አቋርጣ አየችኝና ከት ብላ ሳቀች። «እንኳን ደህና መጣህ፤ ገና አሁን የድሬ ልጅ ሆንክ» አለችኝ። እሷ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ባሏ ደግሞ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ጎብጠው ነበርና በዚያ ቤት ቀጥ ብሎ የሚሄድ አዋቂ እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር።

በሽታው ቺኩንጉንያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በደቡባዊ ታንዛኒያ በተነሣው ወረርሽኝ የታወቀ ሲሆን፣ ስሙም ከማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ፣ ሰውን የሚያጎብጥ እንደ ማለት ነው። ስም አወጣጥ ያውቃሉ! በዚያ ክረምት በድሬዳዋ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል። የከተማው ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው ብንል ከአሥራ ሁለት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ይህም የተመዘገበው ብቻ ነው፤ ከእኛ ቤት ከታመምነው አምስት ሰዎች መካከል ጤና ጣቢያ የሄደው አንድ ስለሆነ፣ አራታችን ቁጥሩ ውስጥ የለንበትም።

አክስቴ ገና የደረስኩ ዕለት አዲስ አጎበር ሰጥታኝ ስለነበር በየሌሊቱ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኜ ነበር የማድረው። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ቀን ለቀን የምትናከስ ናት። እኔ ሌሊቱን ስጠነቀቅ እሷ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣሁ ጉዳይዋን ፈጽማለች። ረግረግና ኩሬም አትፈልግም። የምትፈለፈለው ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ ብሎ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ በበርሚል፣ በሮቶ፣ በተጣለ የመኪና ጎማ ነው።

የሚያንገበግበኝ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈራችን እየዞረ «የውሃ ማጠራቀሚያችሁን ክደኑ፣ በየሳምንቱ ደፍታችሁ እጠቡ» እያለ ያውጅ ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ በሳይንሱ ላይ ክርክር የለኝም። ሆኖም በእህቴ ቤት የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሱም ብዙውን ጊዜ በእኩለ ሌሊት ስለነበር፣ በርሚሉን ድፊ ማለት የሳምንት ኑሮሽን ድፊ ማለት ነው። እህቴ የታጠበውን ልብስ እያሰጣች፣ መኪናው እንደማይሰማት እያወቀች፣ «አቦ ተዉን! ውሃውን በየቀኑ ስጡንና በርሚሉን ራሳችሁ ውሰዱት» አለች።

እኔ የምኖረው ዳላስ ነው። የቴክሳስ በጋ ከድሬዳዋ ፀሐይ ጋር የሚፎካከር ሲሆን፣ ትንኟም ያቺው ራሷ ናት፤ እዚያም አለች። ለዓመታት ግን አሜሪካ ከዚህ መዓት የተረፈው ሕዝቡ ንጹሕ ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ከዚያም አልፌ ለዘመዶቼ በስልክ ስለ ንጽሕና እሰብክ እንደነበር ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ያሳፈረኝ በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ የሚገኙ የሁለት ከተሞች ታሪክ ነው። ላሬዶና ኑዌቮ ላሬዶን የሚለያቸው የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህችው ትንኝ የምታስተላልፈው የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜ ተመራማሪዎች ሁለቱንም ከተሞች ቤት ለቤት ሲያጠኑ፣ ትንኟ በብዛት የተገኘችው በአሜሪካዊቷ ላሬዶ ሆኖ ሳለ በበሽታው የተያዘው ሰው የበዛው በሜክሲኮ በኩል ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቤቱ ነው፤ የላሬዶ ሰው አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ውስጥ ስለሚቀመጥ ትንኟ ደጅ ቀርታለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ንጽሕና መስበኬን አቁሜአለሁ።

አሜሪካኖቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ከወባ ጋር ትናንት ነው የተለያዩት። ዛሬ ለዓለም ምክር የሚሰጠው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1946 በአትላንታ የተቋቋመው ደቡባዊ ግዛቶችን ያስቸግር የነበረውን ወባ ለማጥፋት ነበር። ዘመቻቸው እስኪጠናቀቅ ድረስ በደሳሳ ቤት የሚኖር የጥጥ ገበሬ እንደ እኛ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ በርሚሉ ልመለስ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንጊ፣ በ2019 በቺኩንጉንያ ተመታች። በ2022 ደግሞ ወባ ተነሣባት፤ ያመጣችውም የለመድናት የወንዝ ዳር ትንኝ ሳትሆን ከእስያ የመጣችና እንደ ኤደስ ሁሉ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መፈልፈል የምትወድ ስቴፈንሲ የተባለች ዝርያ ናት። ይህችው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ስትገኝ በዚያች አገር በዓመት የተመዘገበው የወባ ሕሙም ከ30 አይበልጥም ነበር፤ በ2020 ከ70 ሺህ በላይ ሆነ። ሦስት በሽታ፣ አንድ በርሚል። የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ከጅቡቲ የሚመጣውን ሁሉ ተቀባይ ናትና በትንኟ መምጣት አልገረምም። የሚገርመኝ በየጊዜው ሕዝቡ «ክደን» መባሉና ቧንቧው ግን ያው መሆኑ ነው።

ቺኩንጉንያ እምብዛም አይገድልም ይባላል። ከእህቴ ቤት አጠገብ ቀፊራ ገበያ ጆንያ በመሸከም የሚተዳደር ጎረቤት ነበር። ትከሻውና ጉልበቱ ተይዞ አምስት ሳምንት ሥራ ፈታ። የኩሊ ቤት ጓዳ አምስት ሳምንት የሚያሻግር እህል የለውም፤ መጀመሪያ ወተቱ፣ ቀጥሎ እንቁላሉ፣ ከዚያ ሽሮው ቀረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ የሁለት ዓመት ሴት ልጁን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ ስትለካ ቢጫው ላይ አረፈ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ነው። 11.5 ሳይሞላ ቢቀር ቀዩ ነበር። ልጅቷን ትንኝ አልነከሳትም፤ የነከሰችው አባቷን ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. 2019 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕፃናት የግማሽ ያህሉ ሞት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የተራበ ገላ ተቅማጥንና ኩፍኝን አይቋቋምም፤ የታመመ ልጅም አይበላም። የትኛው ቀድሞ እንደ መጣ ለእናቲቱ ምንም አይለውጥላትም።

ዳላስ ተመልሼ ሐኪም ዘንድ ስሄድ እጄን መጨበጥ አልችልም ነበር። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሦስት ጊዜ አስደግሞኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ካነበበ በኋላ ሚዛን ላይ አወጣኝና ክብደት እንድቀንስ መከረኝ። «የመጣሁት ስለ ጉልበቴ ነው» ስለው «ጉልበትህ የሚሸከመው ይህንን ነው» አለኝ። በአሜሪካ ከአሥር አዋቂ አራቱ ከልክ በላይ ወፍራም ስለሆነ አፉ የለመደው ይህንኑ ይሆናል፤ እኔ ግን የቢጫዋ ጥብጣብ ነገር ገና ከዓይኔ አልጠፋምና ነገሩ ስድብ ሆኖ ተሰማኝ። የክፍያ ደረሰኙ ከሦስት ሳምንት በኋላ በፖስታ መጣ፤ ስለሱ አልናገርም። ጣቶቼ የተፍታቱት በኅዳር ነው።

በተከታዩ ዓመት ከቤት ዕቃ መደብር የመስኮት ወንፊት በጥቅል ገዝቼ፣ ለሁሉም መስኮት እንዲበቃ ለክቼ፣ በሰው እጅ ላክሁ። ከወር በኋላ እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። መስኮቶቹ እንደ ድሮው ባዶ ናቸው፤ ወንፊቱ ተቆራርጦ በሦስቱ በርሚሎች አፍ ላይ በመኪና ጎማ ላስቲክ ተወጥሮ ታስሯል። ደውዬ ለመስኮት ነበር የላክሁት ስላት፣ «መስኮት ከተዘጋ በዚህ ሙቀት ማን ይተኛል?» አለችኝና ጎረቤቶቿ ሌላ ጥቅል እየጠየቁ መሆኑን፣ የኩሊው ቤት በርሚልም ሁለት መሆኑን ነገረችኝ።