ፀጉር ለመሥራት ትምህርት ምን ያደርጋል?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት የጀበና ቡና ቦታዎች ባንዱ፣ ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ክርክር ገጥመው ነበር። ፀጉር ቤት ለመክፈት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ተምሮና ተመዝኖ ይምጣ ወይስ እጁ ከለመደ ይበቃል? አንዱ ሱቅ የሚያከራይ ጎልማሳ፣ አንዷ የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ባለሙያ፣ ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የሙያ መምህር ናቸው።

አከራዩ ቀደመ። «እናቶቻችን ሹሩባ ሲሠሩ ማን ሰርተፊኬት ጠየቃቸው? ይኼ የእጅ ነገር ነው። ሲኦሲ፣ የብቃት ምዘና ምናምን እያሉ ደሃዋን ልጅ ከእንጀራዋ ማራቅ ነው!» ከዚህ ሌላ ነገር አልነበረውም፤ እስከ መጨረሻው ድምፁን እየጨመረ ይህንኑ ደጋገመው።

«ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉት መምህሩ።

ባለሙያዋ በቀጥታ ወደ ሥራው ገባች። «እሺ ወንድሜ፣ ፀጉር ማለስለሻውን፣ ሪላክሰሩን ስትቀባ ከየት ትጀምራለህ?»

«ከፊት ነዋ! የሚታየው እሱ አይደል?»

ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። የሚጀመረው ከኋላ ነው። የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳል፤ መጨረሻ ነው የሚቀባው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠራው ሪላክሰር ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ደንበኛዋ ባለፉት 24 ሰዓታት ራሷን ከታጠበች ወይም ካከከች ቀጠሮው ይተላለፋል። የራስ ቆዳው ዳር ዳሩን ቫዝሊን ይቀባል፣ ክሬሙ ከሥሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በፊት የተለሰለሰው ፀጉር አይነካም፣ አዲስ የበቀለው ብቻ ነው የሚቀባው። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አይታለፍም። «አቃጠለኝ» ካለች ደግሞ ደቂቃው ባይሞላም ወዲያው ይታጠባል።

ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እጥበቱ ላይ ነው። ለዚሁ የተሠራ ማርከሻ ሻምፖ አለ፤ ቀለም የሚለውጠው ዓይነት ከሆነ ኬሚካሉ እስካለ ድረስ አረፋው ሮዝ ይሆናል፣ ነጭ እስኪወጣ ይደጋገማል። በተራ ሻምፖ አጥቦ ካስኮ ውስጥ የሚከት ሰው ኬሚካሉን ፀጉሩ ውስጥ ትቶታል። ልጅቷ አምራ ትወጣለች፤ ከቀናት በኋላ ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣል። በዚያው ፀጉር ላይ ታዮግላይኮሌት ያለበት ፀጉር የሚጠቀልል ኬሚካል ቢጨመርበት ደግሞ ይበጣጠሳል። ይህን ሁሉ እጅ በልምድ አያውቀውም፤ ማንበብና መማር ይፈልጋል።

አከራዩ ወደ ወንዶች ዞረ። «ቶንዶስ ማዞርም ትምህርት ነው?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብያለሁ» አሉ መምህሩ። «የልጆቹን ጭርት ከራስ ወደ ራስ የሚያዞረው ምን መሰለህ? ምላጩ ላይ የቀረው ፀጉር መጀመሪያ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳል። 96ቱ ቶሎ ይተናል፣ ጀርሙን በደንብ አይገድልም። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለ1 እጅ 9 እጅ ውሃ ነው፤ ብረት ግን ስለሚበላ ለቶንዶስ አይሆንም።»

«አሜሪካኖቹም የትምህርቱን ሰዓት ቀንሰዋል አሉ» አለ አከራዩ፣ የሰማውን ይዞ።

ቀንሰዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ1,600 ሰዓት ወደ 1,000 አውርዳለች። በቀን 8 ሰዓት ቢሰላ 125 የትምህርት ቀን ነው። እኛ ዘንድ በመብራት ምሰሶው ላይ «በ15 ቀን እናሠለጥናለን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል።

መምህሩ ልክ ናቸው፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ለደሃዋ ልጅ ከታዘነላት ትምህርቱን በነፃ መስጠት ነው እንጂ የሰው ራስ ላይ እንድትለማመድ መልቀቅ አይደለም። የአከራዩ ነገር የሚያንገበግበው ብቻውን ስላልሆነ ነው። ልጅ ፈተና ስትወድቅ «በቃ ፀጉር ትሥራ» የሚል ወላጅ ስንቱ ነው! የእጅ ሙያን ከድሮም ንቀነዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብሎ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን ይኸው «ለዚህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል» እያለ ቡና ይጠጣል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውንም፣ ግንበኛውንም ሳይማር የምናሰማራው በዚሁ አፋችን ነው፤ ቤቱ ሲቃጠልና ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግን ዕድላችንን እናማርራለን።