አፑን ቴሌግራም ላይ መበተን ማስተዋወቅ አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ አፕ የሚሠሩ ልጆች በዝተዋል። ደስ ይላል። የዕድር መዝገብ የሚይዝ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚያለማምድ፣ የሸዋ ሮቢትን የሽንኩርት ዋጋ የሚናገር፣ ሁሉም አለ። ጣጣው የሚመጣው ከተሠራ በኋላ ነው። ኤፒኬው፣ ማለትም አፑን አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጭነው ፋይል፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ይለጠፋል፣ "ሼር አድርጉልን" ይባላል፣ አለቀ።

ሰሞኑን ደግሞ በልጆቹ ግሩፕ ውስጥ "ኤፒኬ አበቃለት" የሚል ሙሾ አለ። መነሻው ጎግል ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ያወጣው ማስታወቂያ ነው። ማንነቱን አስመዝግቦ ያላረጋገጠ ዴቨሎፐር የሠራው አፕ፣ የጎግል ማረጋገጫ ባላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ እንደ ድሮው እንዲሁ አይጫንም። ደንቡ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀምራል፤ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም ይሰፋል ተብሏል። ቆይቶ ኩባንያው "አደጋውን አውቄ ልጫን" ለሚል ሰው መንገድ እንደሚተው ተናግሯል። እኔ ግን ሙሾው አልገባኝም። ኤፒኬ መበተን ድሮም ማስተዋወቅ አልነበረም። የራስን ተጠቃሚ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ነበር።

ጠባሴ አካባቢ አንድ ስልክ ቤት ገብታችሁ ትንሽ ቁጭ በሉ። ከመንዝ በግ ይዞ ወርዶ የሸጠ ሰው አዲስ ቴክኖ ይገዛል። "ሁሉንም ጫንልኝ" ይላል። ልጁ መስታወቱ ላይ ደገፍ ብሎ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ የሚያሳልፈውን ዜንደር ይከፍትና ከራሱ ስልክ ቴሌግራም፣ አይሞ፣ አንድ የመዝሙር አፕ፣ ሌላም ሌላም ያሳልፍለታል። ጂሜይልም ይከፍትለታል። ፓስወርዱን እዚያው ሁለቱም ይረሱታል። ሰውዬው ከፍሎ ወደ መሐል ሜዳ ይሳፈራል።

እንግዲህ የእናንተ አፕ እዚያ ውስጥ አለ እንበል። ከሁለት ወር በኋላ ስህተት አግኝታችሁ አስተካከላችሁ። ሰውዬው ዘንድ ማን ያድርስለት? ከፕሌይ ስቶር፣ ከጎግል የአፕ መደብር፣ የተጫነ አፕ ራሱን አፕዴት ያደርጋል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ተከታትሎ ይደርሳል። በዜንደር የሄደው ግን እንደሄደ ይቀራል። ስንት ሰው እንደጫነው ፕሌይ ስቶር አይቆጥርላችሁም። ሰውዬውም "ይሄ ነገር አይሠራም" ብሎ ያጠፋዋል፤ ለጎረቤቱም ይነግራል።

ከዚህ የባሰም አለ። እያንዳንዱ አንድሮይድ አፕ የዴቨሎፐሩ ፊርማ አለው። ስልኩ አፕዴት የሚቀበለው ፊርማው አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ፕሌይ ስቶር ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አፕ የሚቀበለው በባንድል ነው፤ ባንድል ጎግል ራሱ ኤፒኬውን የሚያወጣበት ጥቅል ፋይል ነው። ተጠቃሚው የሚያወርደውን የመጨረሻውን ፋይል የሚፈርመውም ጎግል ነው። ልጆቻችን ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉት ደግሞ በራሳቸው ኮምፒውተር የፈረሙትን ነው። ስለዚህ ኤፒኬውን የጫነ ሰው ፕሌይ ስቶር ሄዶ አፕዴት ልበል ሲል እምቢ ይለዋል። የድሮውን ማጥፋት አለበት። ሲያጠፋው ደግሞ ስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠው የዕድር መዝገብ አብሮ ድራሹ ይጠፋል። የዕድር ጸሐፊ ላይ ይሄ ሲደርስ ምን እንደሚባል አስቡት።

መፍትሔው ቀላል ነው። አፑን መጀመሪያ ስታስመዘግቡ የራሳችሁን የፊርማ ቁልፍ ለጎግል መስጠት ትችላላችሁ። ወይም ጎግል የፈረመውን ኤፒኬ ራሱን ከፕሌይ ኮንሶል፣ ዴቨሎፐሩ አፑን ከሚያስተዳድርበት ገጽ፣ አውርዳችሁ እሱን ማከፋፈል ነው። ይህን የምለው ኤፒኬ ጨርሶ ይቅር ስለማልል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ከመቀባበል ሌላ ምን አማራጭ ነበረ? ፋይሉ በእጅ ይሂድ፣ ግን ኔትወርክ ሲመጣ ከስቶሩ ጋር የሚግባባ ፋይል ይሁን።

"ስቶር ላይ ለማውጣት ገንዘቡስ?" ይባላል። ፕሌይ ስቶር 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ብቻ። ብሩ አይደለም የሚከብደው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ብዙዎች አቋራጭ ይሄዳሉ፤ በሰው አካውንት ያወጣሉ። ውጭ ያለ ዘመድ ወይም አዲስ አበባ ያለ "አካውንት አከራይ" ይፈለጋል። ይሄ በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋት ነው። ያ ሰውዬ ሌላ ደንብ የጣሰ አፕ ካወጣና አካውንቱ ከተዘጋ፣ የእናንተም አብሮ ይዘጋል። ዘመድ ካርዱን ያውስ፤ አካውንቱ ግን በራሳችሁ ስምና መታወቂያ ይከፈት። የ2027ቱ ደንብም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሌላው የሚማረርበት የ12 ሰው ጉዳይ ነው። ከኅዳር 13 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የተከፈተ የግል አካውንት አፑን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሰዎች 14 ቀን ሳያቋርጡ እንዲሞክሩለት ይገደዳል። መጀመሪያ 20 ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ቀነሱት። ልጆቹ "ቴስተር እንሸጣለን" የሚሉ ቻናሎች ዘንድ ሄደው ይገዛሉ። ምን ዓይነት ብክነት ነው! እነዚያ 12 ሰዎች ነጻ ማስታወቂያ ናቸው። የሽንኩርት ዋጋ አፕ ከሆነ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፣ የጤፍ ከሆነ የምንጃር ደላላ ይግባበት። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ከተፈታኞቹ ሌላ ማን ይሞክረዋል? እነሱ ሁለት ሳምንት ተጠቅመውበት ካልወደዱት፣ ስቶር ላይ ቢወጣም አይነሣም።

ከፕሌይ ስቶር ውጭ ያሉትን መደብሮች ደግሞ ማንም አያያቸውም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ የቻይና ድርጅት ናቸው፤ ትራንሽን ይባላል። ፓልም ስቶር የሚባለውን መደብሩን እነዚህ ስልኮች ላይ ጭኖ ይሸጣል። የመንዙ ሰውዬ ጂሜይሉ ቢጠፋበትም ፓልም ስቶሩ እዚያው አለ። ሁዋዌ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ማዕቀብ ከመጣበት ወዲህ የወጡ አዳዲስ ሞዴሎቹ የጎግል አገልግሎት የላቸውም። የእነሱ ቤት የሁዋዌ የራሱ መደብር፣ አፕጋለሪ ነው፣ ምዝገባውም በነጻ ነው። ግን ዝም ብሎ ፋይሉን መስቀል አይበቃም። አፑ በጎግል ካርታ ወይም በጎግል በኩል በሚላክ መልእክት የሚሠራ ከሆነ ሁዋዌ ላይ ያ ክፍሉ ዝም ይላል። አስቀድማችሁ ሞክሩት። አፕል? በዓመት 99 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ። ለሰሜን ሸዋ ገበያ የተሠራ አፕ ከዚያ አይጀምርም።

ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ፊደላችን ይጠቅመናል። ፕሌይ ስቶር ለአፕ ስም 30 ፊደል ብቻ ይፈቅዳል። "የሰሜን ሸዋ የገበያ ዋጋ" ክፍተቱን ጨምሮ 15 ነው። ያንኑ በላቲን ብትጽፉት 27 ይወስዳል። ግማሹ ቦታ ተረፈላችሁ ማለት ነው፤ "ጤፍ ሽንኩርት በግ" ብላችሁ ብትጨምሩበት ራሱ ይበቃል። በሌላ በኩል ሰው ሲፈልግ አንዱ "ጸሎት" ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ "ፀሎት"፣ ሌላው በላቲን "tselot" የሚለውን በመሰለው ፊደል። ስሙ ላይ አንዱን ምረጡ፤ ሌላውን አጻጻፍ መግለጫው ውስጥ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ አስገቡት። ዝም ብሎ ቃል መደርደር ግን በደንቡ ክልክል ነው፣ ያስወርዳል። የመደብሩ ገጽ ራሱ አማርኛ ይቀበላል፤ ሆኖም የእኛ ልጆች መግለጫውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይሞሉታል። ለማን ብለው እንደሆነ እንጃ።

ቴሌግራሙን ተዉት አልልም። ሕዝቡ ያለው እዚያ ነው። ግን ፋይሉን ሳይሆን የስቶሩን ሊንክ ለጥፉ። ፋይልማ ማንም ሊያስመስለው ይችላል፤ በባንክ ስም የተሠሩ የውሸት አፖች የሚሰራጩትም በዚሁ መንገድ ነው። ከቴሌግራሙ በፊት ደግሞ ስልክ ቤቱን ያዙ። ከደብረ ሲና እስከ ዓለም ከተማ ድረስ ሰው ስልኩ ላይ ምን እንደሚጫን የሚወስነው መስታወቱ ጀርባ ያለው ልጅ ነው። ሄዳችሁ አስተዋውቁት፣ አፑን አሳዩት፣ ጎግል የፈረመውን ፋይል ስልኩ ላይ አስቀምጡለት። የሚያመጣውን ሰው ቆጥራችሁ ትንሽ ኮሚሽን ብትሰጡትም ፌስቡክ ላይ በዶላር ከመክፈል ይረክሳል። የስቶሩን ኪውአር ኮድም አትማችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉ፤ ለፕሪንት የሚሄደው ብር ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።