ስልኩን ከመክሰሳችን በፊት ሜዳው የት እንደ ገባ እንጠይቅ

በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። ከሽቦ የተሠራች መኪና፣ ጎማዋ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ ከኋላዋ እስከ ልጅ ደረት የሚደርስ ረጅም መሪ የተተከለላት፣ አቧራማ መንገድ ላይ ቆማ ትታያለች። ከሥሯም እሷን ያላወቀ ልጅነትን አያውቅም የሚል ጽሑፍ ይከተላል። ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከዱባይም የሚጎርፈው አስተያየት ሲጀምር ሳቅና ናፍቆት ነው፤ ጥቂት ወረድ ሲባል ግን ወደ ክስ ይለወጣል። የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ተተክለው የሚውሉ፣ እጃቸው አንድ ነገር የማይሠራ፣ ጨዋታ ምን እንደሆነ የማያውቁ ናቸው ይባላል። በናፍቆቱ እኔም ተካፋይ ነኝ። በክሱ ላይ ግን ተከሳሹ የተለወጠ ይመስለኛል።

አስቀድሜ ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል፤ ፎቶዋን የሚያጋራው ሰው ብዙ ጊዜ አሠራሯን ረስቶታልና። እኔ ባደግሁበት በሽሮ ሜዳ፣ በ1970ዎቹ፣ አንድ ልጅ መኪና ለመሥራት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ሽቦ ነበር። የፌሮ ማሰሪያው ቀጭን ሽቦ ግንባታ ካለበት ሁሉ ይለቀማል፤ ነገር ግን ለማሰሪያ እንጂ ለአካል አይሆንም። ለሻንሲው ጠንከር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የሚገኘው ከአጥር ወይም ከልብስ መስቀያ ስለሆነ ቁም ሣጥን የደፈረ ልጅ ማታ የሚጠብቀውን ያውቃል። ጎማው የሚቆረጠው ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ነው፤ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ሶሉ ላይ ተደፍቶ ዙሪያው በእስክሪብቶ ይሰመርና በምላጭ ይቆረጣል፤ መሐሉም በእሳት በጋለ ምስማር ይበሳል። ጎማው ከሽቦው እንዳይወጣ የተበሳ ቆርኪ ይገባና የሽቦው ጫፍ ይታጠፋል።

ሙያው የሚለየው ግን መሪው ላይ ነበር። የፊት እግሮቹን የሚያያይዘው ሽቦ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው መሐል ላይ ባለች አንዲት ቀለበት ብቻ ነው፤ ረጅሙ መሪ በጣሪያው ቀዳዳ አልፎ ይወርድና ከታች ታጥፎ ከዚያው ሽቦ ጋር ይታሰራል። ማሰሪያው ከላላ መኪናዋ እንደ ሰከረ ሰው ትወላገዳለች፤ ከጠበቀ ደግሞ ኩርባ ላይ ፊቷን አታዞርም። ልኩን ያወቀ ልጅ ቆሞ እየሮጠ፣ ጎንበስ ሳይል፣ በድንጋይ መሐል አሳልፎ ይነዳታል። ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ላንድሮቨር፣ አንበሳ አውቶቡስ ሁሉም ሞዴላቸው ተለይቶ ይሠራ ነበር፤ አውቶቡሱን ያለ መስኮትና ያለ ኋላ መሰላል የሠራ ልጅ ሥራውን ጨርሻለሁ ቢል የሚሰማው አልነበረም። ይህን ሁሉ የተማርነው ሦስትና አራት ዓመት ከሚበልጡን ልጆች ጎን ተቀምጠን፣ ፒንሳ እያቀበልን ነው።

የጨርቅ ኳሱም እንዲሁ የራሱ ጥበብ ነበረው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ስለሆነ ከሌላው ሰፈር የምንበልጥበት ነገር ቢኖር የድር ቁራጭና የክር ትርፍራፊ እንደ ልብ ማግኘታችን ነበር። ከአሮጌ ፍራሽ የተቦጨቀ ስፖንጅ ከተገኘ እሱ ልብ ይሆናል፤ በላዩ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ካልሲ ውስጥ ይከተትና ካልሲው ተጠምዝዞ ይገለበጣል፣ እንደገና ተጠምዝዞ ይገለበጣል፤ አፉ እስኪያልቅ ድረስ። በመጨረሻ ዙሪያውን በክር ጥብቅ ተደርጎ ይሰፋል። በደንብ የተሰፋ ኳስ ይነጥር ነበር። ክረምት ላይ ግን ውሃ ይጠጣና እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በቴስታ የመታው ልጅ ትንሽ ይፈዛል፤ በማግስቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ያለ ኳስ ይውላል።

ስለ ብይ፣ ስለ ቸርኬ፣ ከካላማዳሪ ስለሚሠራው ወንጭፍ፣ በኩሽኔታ ስለሚሄደውና ከእንጦጦ ግርጌ ቁልቁል ስለሚለቀቀው የእንጨት ጋሪ እያንዳንዱ አንባቢ ከእኔ ያላነሰ ያውቃል፤ አልዘረዝርም። ሊነሣ የሚገባው ግን መጫወቻው ወቅት የነበረው መሆኑ ነው። ቡሄ ሲቃረብ ጅራፍ ይገመዳል፤ ነሐሴ 13 ካለፈ በኋላ ጅራፍ የሚያጮኸውን ልጅ የሚያዳምጠው የለም። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባና መልአክ ተሥሎ በየቤቱ ይታደላል፤ ገና ሲደርስ ደግሞ ቆልማማ ዱላ ፍለጋ ይወጣል። ማንም አዋጅ ሳያስነግር ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ይዞር ነበር።

ከውጭ የመጣ መጫወቻ በሰፈራችን ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበር፤ ቡፌ ውስጥ። ዘመድ ከውጭ ያመጣላት ወርቃማ ጠጉር ያላት አሻንጉሊት ከነፕላስቲክ ሽፋኗ ከብርጭቆዎቹ ጎን ቆማ እንግዳ ትቀበላለች፤ የተገዛችላት ልጅ በመስታወት በኩል ታያታለች እንጂ አታቅፋትም፣ ትቆሽሻለችና። በድንጋይ የምትሄደው መኪናም ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ሌላ የሚገዛላት ስለማይገኝ ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ጡረታ ትወጣለች። ልጅቷ እውነተኛ ልጇን የምታገኘው ከቤት ውጭ ነበር፤ ከጨርቅና ከእንጨት፣ በቆሎ በደረሰ ጊዜም ከነጸጉሩ ከበቆሎ ቆሮቆንዳ ሠርታ ታዝላታለች። ወላጆቻችንን ለዚህ አልወቅሳቸውም፤ በዚያ ዘመን ውድ ዕቃ የሚያዝ እንጂ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ዛሬ ላይ ሆነን ያኔ እኮ መጫወቻ በገንዘብ አይገዛም ነበር ስንል፣ ቡፌው ፊት ለፊት ቆመን የተመኘነውን ምኞት እየዘለልን ነው።

የምንዘለው ይህን ብቻ አይደለም። በእነዚያ ፎቶዎች ሥር የሚጻፈው ናፍቆት በአብዛኛው የወንድ ልጅ ናፍቆት ነው። ሴቶቹ ሱዚ ይዘላሉ፣ ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፣ በጣሳ እቃ እቃ ይሠራሉ፤ የአፈር ሽሮና የቅጠል ጎመን ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ታናሽ ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው ወይም ከቦኖ ውሃ ወረፋ መሐል ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ላይ በአንድ እግሯ የምትዘል፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን አንገቱ እየተወዛወዘ የሚያንቀላፋ እኩያችንን ሁላችንም አይተናታል። ጨዋታው ሲደራም ስሟ ከቤት ይጠራል። ለእኛ ቀኑ በሙሉ የነበረን፣ የእነሱ ቀን ስለ ተወሰደ ጭምር ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ሽቦ ማጠፍ ያስተማሩን ልጆች አንድ በአንድ ከሰፈር መጉደል ጀመሩ። አንዳንዱ በምልመላ፣ አንዳንዱ በአፈሳ ሄደ፤ ከአፈሳ ያመለጠውም ቀን ቀን ከቤት አይወጣም። እኛም በዚያው ሰሞን ከአውቶቡስ ይልቅ ታንክ መሥራት አበዛን፤ ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም። እንግዲህ ያ ዘመን ደስ ይል ነበር ሲባል እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ደስታው የልጅነት እንጂ የዘመኑ እንዳልነበረ ግን ማንም እንዲያስረሳኝ አልፈልግም።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ችጋር መሐል በእርግጥ የነበረን፣ ዛሬ ደግሞ በእርግጥ የጠፋው ምንድን ነው? እኔ መሬት ነው እላለሁ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጨመረውን ዓይን ያየዋል። በቤትና በቤት መሐል የነበረው ባዶ ቦታ፣ የወንዙ ዳር፣ የቀበሌው ሜዳ፣ መኪና በቀን ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሁሉ የማንም ስላልነበረ የልጆች ነበር። የማንም ያልሆነ መሬት በከተማችን አሁን የለም፤ ወይ ታጥሯል፣ ወይ ተገንብቶበታል፣ ወይ ቆሞ የሚያድር መኪና ይዞታል።

ነገሩ እስከ መሬቱ ቆዳ ድረስ ይወርዳል። ብይ አፈር ይፈልጋል፤ ጉድጓዷ በተረከዝ ተዙሮ የምትቆፈር ናት። ሰኞ ማክሰኞ ለስላሳ መሬት ላይ በእንጨት ይሰመራል። ኮብልስቶን ጭቃውን አስቀርቶልናል፤ ክረምት ላይ ቦቲ ጫማ ከማውለቅ ያዳነንን ድንጋይ ማማረር አልፈልግም። ነገር ግን ኮብልስቶን ላይ ብይ አይንከባለልም፣ የሽቦ መኪና ጎማዋ በየስንጥቁ እየገባ ትገለበጣለች፣ ቸርኬ እየዘለለ ያመልጣል። መንገዱን ያነጠፍነው እኛ ነን፤ ከዚያም ልጆቹ ለምን ብይ አይጫወቱም ብለን ተገረምን።

ስልኩ የደረሰው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከእሱም በፊት በየሰፈሩ የተከፈቱትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ስንረግም ነበር፤ ልጆቹ ወደዚያች ጨለማ ክፍል የገቡት ግን ውጭው ሲጠብባቸው ነው። ዛሬ አንዲት እናት ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ልጇን አራተኛ ፎቅ ላይ ቆልፋ ስትውል፣ ታች ያለው ግቢ በመኪና ተሞልቶ፣ ከግቢው ውጭ ያለው መንገድ ባጃጅና ሚኒባስ የሚሽቀዳደምበት ሆኖ፣ ስልክ ብትሰጠው ምኑ ይደንቃል? ሰባት ዓመት የሆነውን ልጅ ሰነፍ ብሎ መክሰስ ቀላል ነው፤ መልስ አይሰጥማ።

ነገሩ ከመዝናኛነትም ያልፋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ሕፃናት የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው፤ በዚያ ግርግር መሐል ማን ፋይሉን እንዳስታወሰው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ36ኛው አንቀጽ ስለ ሕፃናት ሲዘረዝር ስምና ዜግነትን፣ የወላጅ እንክብካቤን፣ ከጉልበት ብዝበዛና ከአካል ቅጣት መጠበቅን ያነሣል፤ ጨዋታን በስሙ አያነሣውም። እርግጥ ነው፣ ሀገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጓ አካል ስለሆኑ መብቱ አለ። በቤቶች ግንባታ ፕላን ላይ ግን ለመኪና ማቆሚያ የሚሟገት መሐንዲስ ይገኛል፤ ለብይ ቦታ የሚሟገት እስካሁን አልገጠመኝም።

መጀመሪያ ቤት ይቅደም የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነቱንም ነው። ጣሪያው ከሚያፈስ ቤት ወጥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብን የቀድሞው ሜዳ ይሻልህ ነበር ማለት ድፍረት ይሆናል። የምጠይቀው ትንሽ ነው። ለሁለት መኪና ማቆሚያ የሚበቃ፣ ያልተነጠፈ፣ አፈሩ የሚታይ ቦታ በየግቢው ይተው። አስፋልቱንም ቢሆን ለአንድ ቀን መመለስ እንደሚቻል ከተማዋ ራሷ አሳይታናለች፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በተጀመረው “መንገድ ለሰው” ቀን መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕፃናት መሐል አስፋልት ላይ ሲሮጡ አይተናል። ያንን ከዋና ጎዳና አውርዶ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ የውስጥ መንገድ ላይ ማድረግ በጀት አይጠይቅም፤ ሁለት ድንጋይና አንድ ገመድ ይበቃዋል።

የእጁም ሙያ ቢሆን ገና አልሞተም። ያንን መሪ ማሰር የሚችሉት ሰዎች ዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ በየጋራዡ፣ በየቢሮውና በየታክሲው ያሉ ናቸው። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዐውደ ርእዩን በሰው ልጅ የዕድሜ ደረጃ አደራጅቶ ከልጅነት ይጀምራል፤ የከተማው የሽቦና የቁርጥራጭ መጫወቻም በዚያ መንፈስ፣ ከሠሪዎቹ ቃል ጋር፣ ሰዎቹ በሕይወት እያሉ ቢሰበሰብ ደስ ይለኛል። ፎቶ ከማጋራት ይልቅ አንድ ቅዳሜ ሽቦና ፒንሳ ይዞ ከልጅ ጋር መቀመጥም ይቻላል። ለእኔ ልጅ የሠራሁላት አውቶቡስ ቀኝ ቀኝ ትስብ ነበር፤ ማሰሪያውን ራሷ አጥብቃ አስተካከለችው።

ችግሩ የምትነዳበት ቦታ ማጣታችን ሆነ። በምኖርበት ግቢ መግቢያ ላይ “ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የሰቀሉትም ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ዓይናቸው የሚያበራ፣ የእኔ እኩዮች የሆኑ የነዋሪዎች ኮሚቴ አባላት ናቸው። ሰሌዳው እንዲነሣና ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለችው ባዶ ቦታ ሳትነጠፍ ለልጆች እንድትተው በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ተይዟል፤ ከጥበቃ ደመወዝና ከመኪና ማቆሚያ ድልድል ቀጥሎ በሦስተኛ ተራ።