ሻወሩ ወደ ሰው ይሂድ ወይስ ሰው ወደ ሻወሩ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ገላ መታጠቢያ የሚመደበው ገንዘብ ቅድሚያ ለተንቀሳቃሽ ሻወር ይዋል።

ደጋፊ፦

ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ሳይታጠብ ሳምንታት የሚያልፉት ንጽሕና ስለሚጠላ አይደለም። መታጠቢያው ሩቅ ነው፤ ደክሞ ሲደርስ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ክፍት ቢሆን እንኳ ብርድ ልብሱንና ኮሮጆውን የሚጠብቅለት የለም። ማደሪያውን ለግማሽ ቀን ጥሎ የሄደ ሰው ሲመለስ ዕቃው ተወስዶ፣ ቦታውም ተይዞ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ውሃው ወደ እሱ መሄድ አለበት።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ላቫ ሜ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገልግሎት የወጣ የከተማ አውቶቡስ ወደ ሻወርነት ቀይሮ፣ ውሃውን ከእሳት አደጋ መከላከያ መስመር እየወሰደ ሥራ ጀመረ። ለጀማሪ የሚመከረው ግን ተጎታች ነው፤ የራሱ ሞተር ስለሌለው የሚበላሸው ነገር ይቀንሳል፣ ጎታቹ መኪና ቢቆም በሌላ ይተካል። ሦስት ክፍል ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ሻወር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ መቀመጫና መስታወት ይኖራል። ከውሃው መስመር ቀጥሎ ቆጣሪ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ፣ ከዚያም ግፊቱን ወደ 3 ወይም 4 ባር የሚያወርድ መቆጣጠሪያ ይገጠማል። የግፊት መቆጣጠሪያው ከተዘለለ የውስጥ ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ይላቀቃል። ቫልቩ ከተዘለለ ደግሞ መስመሩ ላይ ግፊት በወደቀ ጊዜ የተጎታቹ ውሃ ወደ ከተማው መጠጥ ውሃ ሊሳብ ይችላል።

ማሞቂያው ውሃ ሲፈስ ብቻ የሚለኮስ የጋዝ ማሞቂያ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ አንድ ሻወር፣ ውሃውን ከ10 ዲግሪ ወደ 40 ለማድረስ 17 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ 50። ከዚህ ያነሰ ማሞቂያ የገዛ ሰው ሦስተኛው ቧንቧ ሲከፈት ሁሉንም ያቀዘቅዛል። ማሞቂያው ከግድግዳው ውጭ ይሰቀላል፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሎቹ ከገባ ይገድላልና።

ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ሦስት ክፍል ለ6 ሰዓታት ከሠራ በቀን 72 ሰዎች ታጥበው ይሄዳሉ።

ተቃዋሚ፦

72 የሚለውን ቁጥር እንፈትሸው፤ በጀት የሚጸድቀው በእሱ ነውና። በ15 ደቂቃ ውስጥ ምን ምን ይገባል? ሰውየው የደራረበውን ሦስት አራት ልብስ ያወልቃል፤ እግሩ አብጦ ከሆነ ጫማው አልወጣ ይለዋል። 8 ደቂቃ ይታጠባል። ገላውን ያደርቃል፣ ይለብሳል፤ ጣቶቹ በብርድ የደነዘዙ ወይም ወገቡ አልታጠፍ ያለው ሰው ለመልበስ ብቻ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ከወጣ በኋላ ክፍሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ፀጉር ከወንፊቱ ይለቀማል፣ ፀረ ተሕዋስ የሚረጨው ከዚያ በኋላ ነው። በብዙዎቹ ፀረ ተሕዋሳት ላይ የታተመው መመሪያ ደግሞ ወለሉ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ ይላል። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ሽታ መቀየር ነው፤ የአንዱ የእግር ፈንገስ ለቀጣዩ ይተርፋል። ሠራተኛው በጥድፊያ በረኪናውን አወፍሮ ቢያፈስና ወለሉ ላይ ሽንት ቢኖር፣ በዚያ ጠባብ ክፍል የሚነሣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ደምሩት፤ 30 ደቂቃ ነው። 72 የተባሉት 36 ናቸው።

የሚወጣው ውሃስ? 8 ሊትር በ8 ደቂቃ 64 ሊትር ነው። በ72 ሲባዛ ከ4,600 ሊትር በላይ እጣቢ፣ ማለትም ከአራት ቶን ተኩል በላይ ሸክም። ይህን የሚሸከም ተጎታች በአንድ ተራ መኪና አይጎተትም። ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ መልቀቅ ወንዝ መበከል ነው። ታንከር ውስጥ ማሳደርም አይቻልም፤ ሳሙና፣ ፀጉርና የቆዳ ቅባት ያለበት እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ኦክስጅኑ አልቆ እንደ ሽንት ቤት ፍሳሽ ይሆናል።

ቋሚ መታጠቢያ ቤት ይህን ሁሉ አንዴ ሲሠራ ይፈታዋል። ፍሳሹ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ አንዱ ክፍል እስኪደርቅ ሌላው ይሠራል፣ ጋዝ የሚሸከም፣ ተጎታች የሚያቆም ሠራተኛ አያስፈልግም። ሩቅ ነው ለተባለው፣ በየቀኑ ክፍት ከሆነ ሰዎች መምጣቱን ይለምዱታል።

ደጋፊ፦

ይለምዱታል! ተከራካሪዬ አንድ ሙሉ ችግር በዚህ አንድ ቃል አለፉት። ከነኮሮጆው፣ ከነውሻው የሚንቀሳቀስ፣ እግሩ የቆሰለ ሰው በየትኛው አቅሙ ነው የሚለምደው? ዕቃውን ማን ይጠብቅለት ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መልስ አላየሁም። ተጎታቹ ላይ መልሱ ቀላል ነው፦ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ይሰጠዋል፣ ዕቃውን ከትቶ ይዞት ይገባል፣ ሣጥኑ ከመጋረጃው ማዶ እርጥበት ሳይነካው ይቀመጣል። ውሻው ደጃፉ ላይ ይታሰራል። ይህን የማያደርግ አገልግሎት ዙሪያው ሰው ሞልቶ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ስለ ፀረ ተሕዋሱ፦ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ላይ የተመሠረቱና በአንድ ደቂቃ የሚሠሩ አሉ። በረኪና ብቻ አይደለም ያለው። እነሱን የሚጠቀም፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነጠላ ጫማ የሚሰጥ ቡድን በ20 ደቂቃ አንድ ሰው ያስተናግዳል፤ በቀን 54 ሰው ማለት ነው። እጣቢውም በታንከር መኖር የለበትም። ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ፣ ተጎታቹን የፍሳሽ መስመር መክፈቻ ካለበት ቦታ አጠገብ ማቆም ነው። ፀጉር የሚይዝ ወንፊት ይገጠማል፣ ተዳፋት ከሌለ ትንሽ ፓምፕ ይጨመራል። ታንከሩ ለመጠባበቂያ ብቻ ይቀመጣል፤ መጠኑም ከንጹሑ ውሃ ታንከር ይበልጣል።

ቋሚ ቤት ሁሉን ይፈታል የሚሉት ደግሞ የሳንባ ምች ስለሚያመጣው ሊጂዮኔላ አንድም ቃል አላነሡም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ላይ በተነሣው ወረርሽኝ ሳቢያ የታወቀው ይህ ባክቴሪያ የሕንፃ በሽታ ነው፤ ማንም የማይከፍተው ቧንቧ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ ይራባል። አሥር ክፍል ሠርቶ በቀን ሦስት ሰው የሚመጣበት ቤት ቀሪዎቹን ሰባት ቧንቧዎች ማን ይከፍትለታል? ይለምዱታል እስኪባል?

ተቃዋሚ፦

72 የነበረው 54 ሆኗል። ለምን እንደወረደ አንዲት መስመር አልተጻፈም፤ እንደ አዲስ ቁጥር ተቀመጠና ታለፈ። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ሊጂዮኔላን እሳቸው ስላነሡልኝ አመሰግናለሁ። ባክቴሪያው የሚራባው በ20 እና በ45 ዲግሪ መካከል ነው። በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የዋለ የውሃ ጎማ ስንት ዲግሪ ይሆናል? ከአንዱ ማክሰኞ እስከ ሌላው ማክሰኞ በቆመ ተጎታች ቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃስ? ሻወር ውሃውን ወደ ደቃቅ ጤዛ ስለሚበትነው ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የሚያጨሱ፣ ሳንባቸው ቀድሞ የተጎዳ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ጎማው፣ ታንከሩና ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ጠብታ ይፈስሳሉ፤ ካልፈሰሱ በውርጭ ሌሊት የማሞቂያው ቱቦ ይሰነጠቃል። በቀጣዩ ቀን ሰው ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱ ሻወር መርጫ ተፈትቶ፣ ጤዛ ሳይበትን፣ ለጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ይለቀቅበታል። ተጎታቹ ቆይቶ ሲመለስ መስመሩ በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ተሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ይቆይና ይታጠባል። ይህ ሁሉ ጊዜ ከ6ቱ ሰዓታት ውጭ ነው፣ ደመወዝም አለው። በደጋፊው ሒሳብ ውስጥ የት አለ?

ከሁሉም የሚከነክነኝ ግን ልብሱ ነው። የሰውነት ቅማል የሚኖረው ገላ ላይ ሳይሆን ልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ቆዳ የሚመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው፣ እንቁላሉም ስፌቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሰውን በደንብ አጥቦ ያንኑ ሸሚዝ መልሶ ማልበስ ቅማሉን ለጥቂት ደቂቃ ማስጾም ነው። እከክ ያለበት ሰውስ? 5 በመቶ ፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት እስከ እግር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓታት ይቆያል፣ ከዚያ ይታጠባል። ዛሬ ማታ የተቀባ ሰው ነገ ጠዋት ውሃ ይፈልጋል። የእርስዎ ተጎታች ግን የሚመለሰው በሳምንቱ ነው።

ደጋፊ፦

ስለ ልብሱ ማንም አይከራከርዎትም፤ ግን ልብስ ለተንቀሳቃሽ ሻወር ተቃውሞ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ውስጥ ኦሬንጅ ስካይ የተባለው አገልግሎት ሁለት ማጠቢያና ሁለት ማድረቂያ ማሽን ቫን ላይ ጭኖ ጎዳና ወጥቷል። ልብስም እንደ ውሃው ወደ ሰው ሄዷል። ማጠቢያው 54 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሁን፣ በሙቅ ማድረቂያም ይለፍ፤ ቅማሉም እንቁላሉም ይሞታል። ማጠቢያ ያልያዘ ቡድን ደግሞ ቢያንስ አዲስ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና አንድ ቅያሪ ሱሪና ሸሚዝ ይስጥ፤ አሮጌው ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ይሂድ። ካልሲ የሚለካው በጫማ ቁጥር ስለሆነ ሰው ሲመዘገብ ቁጥሩ አብሮ ይጻፋል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ሰው ንጹሕ ሆኖ እርጥብ ካልሲ ያጠልቃል፤ እግሩ የሚላጠው ከዚያ ነው።

ደመወዙን እንደማላውቅ አድርገው መጻፍዎ ግን አስከፍቶኛል። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ጎማ ማፍሰስ እንዳለበት ለማወቅ ተቃዋሚ አያስፈልገውም። ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ያጸዳል፣ አንዱ ውሃውንና ጋዙን ይከታተላል። በሩ ከውጭ በቁልፍ የሚከፈት መሆን አለበት። በሙቅ ውሃ የደም ግፊቱ ወርዶ የሚወድቅ አለ፤ በየ5 ደቂቃው ይንኳኳል፣ መልስ ከጠፋ ይከፈታል። የሙቀት ማቀላቀያው ቫልቭ በ41 ዲግሪ ይታሰራል፤ በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል አይሰማውምና። 60 ዲግሪ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳ ይልጣል። አሁንም እጠይቃለሁ፦ ያ ቋሚ ቤትዎ ስንት ሰዓት ይከፈታል? ዕቃስ የት ይቀመጣል?

ተቃዋሚ፦

በዊልቸር የሚመጣ ሰው የት ነው የሚታጠበው? የተጎታች ወለል ከመሬት 60 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል፣ አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነው የተለመደ ተዳፋት 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም መወጣጫ ይፈልጋል። ማን ይዞት ይዞራል? በኤሌክትሪክ የሚያነሣ ሊፍት ቢገጠም ሌላ ክብደት፣ ሌላ ብልሽት ነው። ቋሚ ቤት ውስጥ ወለሉ ከደጁ እኩል ነው፤ የግድግዳ መያዣና መቀመጫ ያለው ሰፊ ክፍል ይሠራል፣ አለቀ። በሰልፉ ላይ ከማታውቃቸው ወንዶች መካከል ለመቆም የምትፈራ ሴትስ? በመንገድ ዳር ከቆመ ተጎታች እርጥብ ፀጉሯን ይዛ ስትወጣ የሚያያት ሁሉ ሌሊት የት እንደምታድር የሚያውቅ ሊሆን ይችላል።

ለሰዓቱ መልስ እነሆ፦ ከማለዳ እስከ ምሽት፣ በየቀኑ፣ መታወቂያ ሳይጠየቅ፣ ቁልፍ ያለው የዕቃ ሣጥን ከክፍሉ አጠገብ ኖሮት። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ የሚጠፋው ግን ተጎታቹ ሲመረቅ ነው፤ መንኮራኩር ያለው ነገር ከታየ በኋላ ስለ ቋሚ ቤት የሚጠይቅ የለም።

ደጋፊ፦

ለሴቶች የተለየ ቀን ይመደባል፣ በዚያ ቀን የሚሠሩት ሴቶች ይሆናሉ፣ ተጎታቹም የሚቆመው ከሌላ አገልግሎት ግቢ ውስጥ ይሆናል። ለዊልቸሩ ከሦስቱ አንዱ ክፍል ዝቅ ባለ ወለል፣ ከአክስሉ በታች ተደርጎ ይሠራል፤ እንዲህ የሚሠሩ አሉ፣ ሲታዘዝ ግን ካልተነገረ አይጨመርም። የሚሄድበት ቀንና ሰዓትም ሳይዛነፍ በየሳምንቱ አንድ ይሁን፤ አንድ ጊዜ የቀረ አገልግሎትን ሰው ሁለተኛ አይጠብቀውም።

ከማለዳ እስከ ምሽት የሚከፈተው ቤት ሲሠራ አልቃወምም፤ ተጎታቹ ያን ጊዜ ወደማይደረስበት ዳርቻ ይሄዳል። ቤቱ ግን ዛሬ የለም። ገላው የሚያሳክከው ሰው ግን ዛሬ አለ። ገንዘቡ ለተጎታቹ ይጽደቅ፤ ልብስ ማጠቢያውም በዚያው በጀት ውስጥ ይግባ፣ ሦስቱ ሠራተኞችም ከማፍሰሻው ሰዓት ጋር ይከፈላቸው።