እርማት፦ «ከጓደኝነት ወደ ፍቅር» የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም

በዚህ ውይይት ላይ ብዙዎቻችሁ፣ ጓደኛሞች ቀስ በቀስ የሚፋቀሩበት ልብ ወለድ ቲክቶክ ያመጣው ፋሽን ነው፣ ድሮ የነበረው በመጀመሪያ እይታ መውደድ ብቻ ነው ብላችኋል። ቲክቶክ ስሙን አስጮኸው ብትሉ እስማማለሁ። ፈጠረው ማለት ግን ስህተት ነው።

የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጄን ኦስተን ልብ ወለድ «ኤማ» የታተመው በፈረንጆች 1815 መጨረሻ ላይ ነው። ሚስተር ናይትሊ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የኤማ እህት ባል ወንድም ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት፣ ስታጠፋ ፊት ለፊት የሚቆጣት የቤት ሰው። ምዕራፍ 49 ላይ በአትክልቱ ቦታ ሲሄዱ የልቡን ሊነግራት ሲል ታስቆመዋለች። ወዲያው ግን አንጀቷ አልችል ይልና እንደ ወዳጅ ልትሰማው እንደምትችል ትነግረዋለች። እሱ «ወዳጅ» የምትለዋ ቃል ላይ ይደናቀፋል። (እኔ ይህን ገጽ ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አትጠይቁኝ።) አንባቢን የሚይዘው ይኸው ጭንቀት ነው፤ ቢናገር ጓደኝነቱ ሊበላሽ ነው፣ ዝም ቢል እሷን ሊያጣ።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ መጽሐፉ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ በነፃ አለ። በሦስት ቅጽ የተከፈለ እትም ከያዛችሁ፣ ቅጽ 3 ምዕራፍ 13ን ክፈቱ።

ይህን ያነሳሁት፣ በዚሁ ስህተት የተነሳ አዲስ ደራሲ ጓደኛሞችን ባፋቀረ ቁጥር «ከቲክቶክ ቀዳ» እየተባለ ስለሆነ ነው።